ስድስት ጎራሹ ሲራገፍ

የሐይቅ ከተማ ሰው ሰላሀዲንን በእጁም በምላሱም ያውቀዋል። እጁ ወርቅ ነው። ከደሴ ወልዲያ መንገድ ዳር፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ዝቅ ብላ ባለችው ቶርኖ ቤቱ የውኃ ፓምፕ ዘንግ ይቀርጻል፣ የወፍጮ ዕቃ ይሠራል፣ ሌላው ባለሙያ አይሆንም ብሎ የመለሰውን ብረት እያባበለ ልክ ያስገባዋል። ምላሱ ግን ልጓም የለውም። አንድ ነገር ፈትቶ ውስጡን ካየ ያየውን ሳይናገር ማደር አይሆንለትም። የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ጠግኖ ሲመልስ አይጥ ወልዳበት እንዳገኘ ከተማው በሙሉ ሰምቷል። የአንዱን ባለሱቅ ሚዛን ሲያስተካክል ደግሞ ከሥሩ የተለጠፈ ብረት አግኝቶ እሱንም ለአላፊ አግዳሚው አወራ፤ ባለሱቁ እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም። ሚስቱ ሐቢባ፣ አንተ እኮ የምትፈታው ዕቃ አይደለም፣ ሰው ነው ትለዋለች። እሱ ይስቃል እንጂ አይቀየምም። እውነቷን እንደሆነ ያውቃላ።

ስለዚህ ራህመት ያን ዕቃ በሻርፕ ጠቅልላ ስታመጣለት ምላሱን ረስታው አይደለም። ሌላ የምትሄድበት ቦታ አጥታ ነው።

ራህመት ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት። ቤተኛው ስለሆነች ገብታ ከበርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ በሩን ገርበብ አድርግልኝ አለችው፤ ከዚያ ሻርፑን ፈታችው። ሽጉጥ ነው። ትልቅና ከባድ፣ መሐሉ ላይ እንደ ከበሮ የሚሽከረከር ነገር ያለው።

ሰላሀዲን ዓይኑ በራ። ስድስት ጎራሽ መሆኑን ሲያየው አውቋል፤ የገረመው ሌላ ነው። ከበሮውን አዙሮ ቢመለከተው ከኋላው ድፍን ነው። ጥይት የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። በቀዳዳዎቹ ፋንታ ስድስት ትንንሽ የብረት ጡቶች ጎን ለጎን ተተክለዋል፤ አንደኛው ከሥሩ ተሰብሯል።

"ጥይት በየት በኩል ነው የሚጎርሰው?" አላት።

"እኔ በምን አውቄ፣ ወንድምዓለም። እኔ የምፈልገው ይቺ የተሰበረችው እንድትሠራልኝ ነው። ወላሂ፣ የአባቴ ነገር እዚች ላይ ነው የቆመው።"

የአባቷን ነገር ሰላሀዲን በወሬ ደረጃ ያውቀዋል፤ ያን ዕለት ግን ከአፏ ሰማው። አባቷ ሙሐመድሁሴን ከውጫሌ ወዲያ፣ ከአምባሰል ገደል ሥር ካለች መንደር የተወለዱ ገበሬ ናቸው። ጎረቤታቸው ኃይለ ሚካኤል ይባል ነበር። አብረው ያደጉ፣ በበሬ የሚቀናጁ፣ አንዱ ሲጾም ሌላው ድግሱን የሚያዘገይለት ዓይነት ወዳጆች ነበሩ። ሚሊኒየሙ ከመከበሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከኃይለ ሚካኤል ቤት የተኩስ ድምፅ ተሰማ። ሰው ሲሮጥ ሲደርስ ኃይለ ሚካኤል ወድቋል፤ ሙሐመድሁሴን በሩ ላይ ቆመው፣ ሽጉጤ ባረቀብኝ አሉ። ሽጉጡንስ ሲባሉ፣ እጄን ልሰጥ ስሄድ ከሐይቁ ወረወርኩት አሉ። የሟች ወገን፣ ባረቀ ሳይሆን በድንበር ተጣልተው ነው አለ። ታሰሩ፤ እስራቱን ጨርሰው ወጡ። ወደ መንደራቸው ግን መመለስ አልቻሉም። ደሙ ሳይደርቅ እሳቸውም ሆኑ ሬሳቸው ወንዙን እንዳይሻገር የሟች ወንድሞች ምለዋል።

አሁን ሙሐመድሁሴን ልባቸው ደክሟል። ደሴ ያሉት ሐኪሞች ለራህመት ለብቻዋ የነገሯት ነገር አለ። ሽማግሌው በዚህ ዓለም የቀራቸው ልመና አንድ ነው፤ እናትና አባታቸው ከተቀበሩበት መቀበር።

እርቁን የሚያካሂዱት አንድ ሸህና አንድ ቄስ ናቸው። ጉማው፣ ማለትም የደሙ ካሳ፣ ተነጋግሮ ካለቀ ቆይቷል። የቀረው የመሣሪያው ነገር ነው። በዚያ መንደር ወግ ደም ያፈሰሰ መሣሪያ እርቁ ላይ ይቀርባል፤ የሟች ልጅ ወይም ወንድም ተቀብሎ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ መሬት ተኩሶ ያራግፈዋል። ከዚያ ለፖሊስ ይሰጣል፣ ሰውም እጅ ለእጅ ይያያዛል። የጎረሰው ነገር ሳይተኮስ ከቀረ ግን ደሙ አልደረቀም ተብሎ ሽማግሌዎቹ ይነሣሉ። የሙሐመድሁሴን ሽጉጥ ሐይቅ ገብቷል ስለተባለ እርቁ ይህን ያህል ዓመት ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

እናቷ ባለፈው ዓመት ዐረፈች። ራህመት የእናቷን ሳጥን ስታጸዳ ከልብሱ ሥር በቅባት ጨርቅ የተጠቀለለ ሽጉጥና አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አገኘች። ደስታዋ ሌላ ነበር። አባቷን እንኳን ሳትጠይቅ ወደ ሽማግሌዎቹ ሮጠች፤ እነሱም ለፖሊስ አስታውቀው ቀን ቆረጡ። ለአባቷ ስትነግራቸው ግን በሕይወታቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰው፣ ማን ንኪ አለሽ ብለው ጮኹባት። ከዚያ ወዲህ አይናገሯትም። እሷም ደንግጣ ሽጉጡን ከእጇ ጣለችው፤ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ያቺ ጡት ተሰበረች።

"አንዷ ካልተኮሰች ያልኩህ ነው" አለችው። "አባቴ ደግሞ ሌላ ዓመት የለውም።"

ሰላሀዲን እሺ አለ። እሺ ያላት አዝኖላት ነው፤ ግማሹ ግን ያ ድፍን ከበሮ ስላላስቻለው ነው፤ መዋሸት አያስፈልግም።

በዚያው ቀን ከአፈሙዙ ላይ ያለውን ጽሕፈት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ መፈለግ ጀመረ። የሠራውን ፋብሪካ አገኘው። በስልኩ እያስተረጎመ ጡቷ ብቻ እንድትላክለት ጻፈላቸው። መልሱ መጣ፤ አጭርና ጨዋ መልስ ነው። ይህ ሞዴል መሠራቱ ከቆመ ቆይቷል፤ መለዋወጫም አልቋል፤ ይቅርታ።

ሰላሀዲን ተናደደ። ብረት እንዴት ይቆማል? ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው በጉጉት ተተካ። ሽበታም ፈረንጆች ይህንኑ ሽጉጥ ሲሞሉ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘና ራቱን ረስቶ ተመለከተው። ባሩዱን ከፊት በኩል በከበሮው ስድስት ቤቶች ውስጥ ያፈሳሉ። ከላዩ የእርሳስ ድቡልቡል ይጠቀጥቃሉ። ድቡልቡሉን ሞራ ይቀቡታል፤ አንዱ ቤት ሲተኮስ እሳቱ ወደ ጎረቤቱ እንዳይዘል ነው። በመጨረሻ ከኋላ በየጡቶቹ ላይ ትንሽ የመዳብ ቆብ ያስቀምጣሉ። ራህመት ያመጣችው ቆርቆሮ ውስጥ ያለውም ያው ቆብ ነው።

"አየሽልኝ?" አላት ሐቢባን። "ይሄን ሞልተው እስኪጨርሱ ዒሻ ይሰገዳል። ክላሽ በሞላበት ዘመን አዲስ ፋብሪካ ተቀምጦ የጥንት መሣሪያ ይሠራል! ለምን አቆሙ?"

"እኔ የሚገርመኝ ለምን ጀመሩ" አለችው ሐቢባ፤ ፊቷን አዙራም ተኛች።

እሱ ግን ሲያሰላስል ቆየ። ያቆሙት ሙያው ጠፍቶባቸው እንዳልሆነ ብረቱ ራሱ ይናገራል፤ እንዲህ ያለ ጥንቅቅ ያለ ሥራ አይቶ አያውቅም። ፈላጊ አጥተው ነው። ሰው ቶሎ የሚጎርስ፣ ቶሎ የሚተፋ ይፈልጋል። ይኼ ደግሞ ለችኩል ሰው የተሠራ አይደለም። ሙሐመድሁሴን ከየት እንዳመጡት ራህመት ነግራዋለች፤ ባቲ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ጥይት የሚሆነው አጥቶ በርካሽ የጣለላቸው ነው። ነጋዴው አንድ ጊዜ ሞልቶ ሰጥቷቸዋል፤ እሳቸውም ለወንድ ወጉ ወገባቸው ላይ ያደርጉት ነበር።

ጡቷን ለመሥራት ቀናት ፈጀበት። ከአሮጌ የአይሱዙ ቫልቭ ላይ ብረት ቆረጠ፤ ከሰዓት ሠሪው ቀጭን መሰርሰሪያ ተዋሰ። ስንቷን አበላሽቶ ጣለ። በመጨረሻ አንዷ ገባች፤ ጥርሷ ከጥርሱ ጋር ተሳሳመ። ሰላሀዲን ብድግ ብሎ ብቻውን ሳቀ። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ ትንሿና ምርጧ እሷ ናት፤ ለማን ላሳያት እያለ ወጪ ወራጁን ተመለከተ።

ከማሳየቱ በፊት ግን ይሞክራት ዘንድ ከበሮውን አውልቆ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው። ከፊት በኩል ወደ ቤቶቹ ተመለከተ። ሞራ ነው። እንደ ሰም የደረቀ፣ ቢጫ ሞራ የመጀመሪያውን ቤት አፍ ሞልቶታል። ሁለተኛውንም። እያዞረ አየ፤ የስድስቱም አፍ በሞራ እንደታሸገ ነው። በመርፌ ጫር ጫር አደረገው፤ ከሥሩ እርሳሱ አለ። በስድስቱም አለ።

አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጎ በውስጡ ተመለከተ፤ መስተዋት ነው። የዚህ ባሩድ ጥላሸት በዕለቱ ካልታጠበ ብረቱን እንደሚበላው ሽበታሞቹ ደጋግመው ተናግረዋል። ሳጥን ውስጥ ይህን ያህል ዓመት የተቀመጠ፣ ሰው የገደለ ሽጉጥ ውስጡ ዝጎ መፍረስ ነበረበት።

ይህ ሽጉጥ አንድም ቀን ተተኩሶ አያውቅም።

ሰላሀዲን ከወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ምላሱ ይበላው ጀመር። የራህመት አባት ነፍሰ ገዳይ አይደሉም! ቢነግራት ምን ትሆን? ከበሮውን ኪሱ ከትቶ፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣና ወደ ሐይቁ መንገድ ጀመረ። ራህመት ከሩቅ ታየችው፤ ዘይቱ ላይ አጎንብሳ ዓሣ ታገላብጣለች። ልጠራት ብሎ አፉን ከፍቶ ሳለ፣ ማን ንኪ አለሽ ያሉት ትዝ አለውና እግሩ ተያዘ። ሰው ንጽሕናው የሚመሰከርበትን ዕቃ ለምን ይደብቃል? ለምንስ ተገኘ ብሎ ይቆጣል? እሳቸው እኮ ሽጉጡ መሙላቱን ያውቃሉ። መልሱን ሳያገኝ ወሬውን ማውራት ደግሞ ለሰላሀዲን ግማሽ ዕቃ ፈትቶ መተው ነው። አለፋትና ወደ ሽማግሌው ሄደ።

ሙሐመድሁሴን እንደ ሁልጊዜው ውኃው ዳር፣ ከአንዲት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ወደ ሐይቁ አይደለም። ከሐይቁ ማዶ፣ ወደ አምባሰል ተራራ ነው። በእጃቸው መቁጠሪያ ይዘዋል። ከሐይቁ ገዳም በኩል ደወል ይሰማል።

"አባባ፣ ሽጉጡን ፈታሁት" አላቸው አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ።

"አንተ የማትፈታው ምን አለ።"

"አልተተኮሰም።"

መቁጠሪያው አልቆመም። አንድ ሁለት ፍሬ ካለፈ በኋላ፣ "ለማን ነገርክ?" አሉት።

"ለማንም።"

"አንተ?"

"ወላሂ ለማንም አልነገርኩም።"

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩት። በዓይናቸው ፍርሃት ነበር፤ ሞትን የማይፈሩ ሰው ሲፈሩ ማየት ሰላሀዲንን አስጨነቀው። ይቅርብኝ፣ አይንገሩኝ ሊላቸው ፈልጎ ነበር፤ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልቻለም። ማወቅ ፈለገ።

ነገሩት። ያን ቀን ኃይለ ሚካኤል ሌሊቱን ሙሉ ማሽላውን ከአሳማ ሲጠብቅ አድሮ ነበር። ጠመንጃውን እንደጎረሰ ከበሩ ኋላ አስደግፎት ኖሯል፤ ድካም ነው፣ ረሳው። ሁለቱ ወዳጆች መደብ ላይ ተቀምጠው ቀንበር ሲያስተካክሉ ልጁ ደሳለኝ ወደ በሩ ሄደ። ያኔ ከጉልበት አይበልጥም። ጠመንጃውን ሊተኩስበት አልነበረም። ፈረስ ሊያደርገው ነው። ሊጋልበው ማንገቻውን ይዞ ጎተተው።

ሽማግሌው እዚህ ላይ ትንፋሻቸው አጠረ፤ ደረታቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

"ኃይለ ሚካኤል መጀመሪያ ልጁን አየ" አሉ ቆይተው። "ከዚያ እኔን አየኝ። ምንም አላለኝም። ምን ይበለኝ? ሚስቱ ቦጋለች ከማድ ቤት ስትሮጥ መጣች፤ ሁሉን አየች። ውጭ የሰው ኮቴ ይሰማል። ይህ ልጅ አባቱን የበላ እየተባለ ይደግ? ማን ያጫውተዋል? ማን ልጁን ይድርለታል? እኔ ወገቤ ላይ ሽጉጥ አለ። እኔ ነኝ አልኩ። ቦጋለች ጠመንጃውን አንሥታ ከመስቀያው ሰቀለችው። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።"

"ራህመትስ?" አለ ሰላሀዲን። ሳያስበው ድምፁ ጠጠረ። "የገዳይ ልጅ እየተባለች ያደገችው እሷስ?"

"እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። እናቷ ታውቅ ነበር፣ አላህ ይዘንላት፤ ሽጉጡንም የደበቀችው እሷ ናት። ራህመትን ግን... እሷን ዕዳ ውስጥ የከተትኳት እኔ ነኝ። እሷ ትልቅ ልጅ ነበረች፤ ትችለዋለች አልኩ። እሱ ሕፃን ነበር።" መቁጠሪያውን ኪሳቸው ከተቱት። "ሐይቅ ገባ ያልኩት ሽጉጥ እንዳይወጣ ብዬ ሀገሬን ተውኩ፤ መቃብሬንም ትቼ ነበር። ልጄ ለእኔ ብላ አወጣችው። እንግዲህ ወደኋላ የለም። አንዱን አጉድልልኝ።"

ሰላሀዲን ወዲያው ገባው። ስድስት ጎራሽ ሰው ገድሎ ከሆነ የሚቀረው አምስት ነው።

"የቱን ላጉድል?"

"ጡቱ የተሰበረውን።"

"ሠራሁት እኮ፣ አባባ" አለና ከበሮውን ከኪሱ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። እንደ ልጅ ምስጋና መፈለጉ ራሱንም አሳፈረው። "ፋብሪካው እንኳን የለውም። መሥራቱን አቁሟል።"

ሽማግሌው ጡቷን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አገላብጠው አዩአት። "ለምን አቆሙ?"

"ፈላጊ ጠፋ።"

"እሰይ" አሉ። "እጅህ ይባረክ፤ ጥሩ ሠርተሃታል። አውጣት።"

ሰላሀዲን ቶርኖ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ የተባለውን አደረገ። ጡቱ ከተሰበረበት ቤት እርሳሱን አወጣ። ባሩዱን ቆንጠር አድርጎ ብረት ላይ ቢለኩሰው ቦግ ብሎ ነደደ፤ ገና ትኩስ ነው፤ ሞራው ጠብቆታል። በጥላሸቱ የባዶውን ቤት ውስጥ ቀባው። አፈሙዙንም አጠቆረው። ያቺን የደከመባትን ጡት ፈትቶ ስባሪውን መልሶ አሰረ። በዕድሜው ዕቃ ሲያበላሽ የመጀመሪያው ነው፤ አምሮ የተሠራን ነገር ማቆሸሽ እጁን አስጠላው። ማታ ሐቢባ፣ እህሳ፣ ውስጡ ምን አገኘህ ብትለው፣ ባሩድ አላት። ሌላ ነገር ትጠብቅ ነበር። ሌላ ወሬ ሳይከተል ሲቀር ትኩሳት ይኖረው ይሆን ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።

የእርቁ ዕለት በሚኒባስ ውጫሌ ደርሰው ከዚያ በእግር ሄዱ፤ ሙሐመድሁሴን በበቅሎ ነው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ይውረዱ ሳይባሉ ወረዱና ውኃውን በእግራቸው ተሻገሩ። ራህመት ስታለቅስ ሰላሀዲን ወደ ሌላ በኩል አየ። ያን ጊዜ ከምላሱ ይልቅ ልቡ ነው የበላው። አንዲት ቃል ቢላት አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ያቺው ቃል ደግሞ ወንዙ ማዶ የሚጠብቃቸውን ወጣት ትገድለዋለች።

ዋርካው ሥር ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተቀምጧል። መሐሉ ላይ ሸሁና ቄሱ አሉ። ሁለቱም መረቁ፤ ሁሉም አሜን አለ። ደሳለኝ ቀጠን ያለ፣ ረጅም፣ ውጫሌ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። ሽጉጡ ሲቀርብለት ሰላሀዲን የጠበቀው ጥላቻ ነበር። ደሳለኝ ግን በጉጉት ነው የተመለከተው፤ ሰላሀዲን ራሱ በመጀመሪያው ቀን እንዳየው አድርጎ፣ ከበሮውን እያዞረ፣ በየት በኩል እንደሚጎርስ እየፈለገ። እናቱ ቦጋለች ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን አፏ ድረስ አድርጋ ተቀምጣለች።

ሰላሀዲን ቆቦቹን አደረገና ሰው ወደ ኋላ እንዲል ተናገረ። ደሳለኝ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ቃታ ሳበ።

ድምፁ ሳይሆን ጢሱ ነው ሰውን ያስደነገጠው። ነጭ፣ ወፍራም ጢስ ወጥቶ ዋርካውን ሸፈነው፤ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በጢሱ ውስጥ ሁለተኛው ተሰማ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ከአምስተኛው በኋላ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ወገኖች አይተያዩም ነበር። ደሳለኝ አንዴ ደገመ። ቀጭ አለና ዝም።

ጢሱ ቀስ ብሎ ተገለጠ። ሸሁ ወደ ሰላሀዲን አዩ፤ ራህመት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሰላሀዲን ተራምዶ ሄደና ከበሮውን አውልቆ ለደሳለኝ ሰጠው።

"ይቺ ባዶ ናት" አለ። ከዚህ በላይ አልጨመረም።

ደሳለኝ ወደ ጠቆረችው ቤት ተመለከተ። ጣቱን ከተተ፤ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ጡቷ መሰበሯንም አየ። "ይቺ የአባቴ ናት" አለና እዚያው እንደቆመ አለቀሰ። ከሁለቱም ወገን ሰው አብሮት አለቀሰ። ሰላሀዲን ፊቱ ነደደ። የዋሸው በእጁ ነው፤ እንደዚህ የሚያቃጥል አልመሰለውም ነበር።

በወጉ ገዳይ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የሟችን ልጅ እግር ይስማል። ሙሐመድሁሴን ድንጋዩን ተሸክመው ተነሡ። ሳይጎነበሱ ደሳለኝ ቀድሞ ድንጋዩን ከላያቸው አወረደው። በቃ አባባ፣ ደክመዋል አላቸው። እቅፍ አድርጎም ያዛቸው። ቄሱ፣ ደሙ ደረቀ አሉ፤ ሸሁም ደገሙት።

ያን ጊዜ ነው ቦጋለች ከሴቶቹ መሐል የተነሣችው። ቀስ ብላ መጣችና ከሙሐመድሁሴን እግር ሥር ተደፋች። ሰው አጉረመረመ። ተበዳይ እንዴት የበዳይ እግር ይስማል? ሐዘን አናውጧት ነው አለ አንዱ። ደሳለኝ ደንግጦ፣ እማዬ፣ እንደሱ አይደለም እያለ ሊያነሣት ሞከረ፤ እሷ ግን ጉልበታቸውን አልለቀቀችም።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው አነሧት። "ቦጋለች" አሏት፤ "ልጁ አደገ።"

"አደገ" አለች።

ሌላ አልተነጋገሩም። ሰውም ተነሥቶ ተቃቀፈ፣ ወደ ምግቡም ሄደ፤ ሙሐመድሁሴንን የወንድማቸው ልጆች ደግፈው ወደ ድሮ ግቢያቸው ወሰዷቸው። ራህመት ከኋላቸው ስትሄድ የመንደሩ ሴቶች በስሟ ይጠሯታል።

ሰላሀዲን ሽጉጡን ለመጣው ፖሊስ ካስረከበ በኋላ መፍቻዎቹን ሲሰበስብ ጥላ ወደቀበት። ቀና ሲል ቦጋለች ናት። ብቻዋን ነው የመጣችው። ደሳለኝ ትንሽ ራቅ ብሎ ሽማግሌዎቹን እጅ ያስታጥባል።

"አንተ ነህ የፈታኸው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"ስንት ነበረው?"

ዓይኗ ዓይኑ ላይ ነው። ስታውቅ ነው የምትጠይቀው። ስድስት ቢላት ምስጢሩን የሚካፈለው ሰው ያገኛል፤ ያንን ሁሉ የተሸከመበት ምላስ አንዴ ያርፋል፤ እሷም ምናልባት ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ያልነገራትን ነገር ከሰው አፍ ትሰማለች። ወደ ደሳለኝ ተመለከተ። ልጁ ማስታጠቢያውን ይዞ እየሳቀ ነው።

"አምስት" አላት።

ቦጋለች ብዙ አየችው። "እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ" አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ልጇ ሄደች።

ሰላሀዲን የመፍቻ ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ውጫሌ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። በሄደ ቁጥር ኪሱ ውስጥ ያቺ ትንሽ ጡትና ያቺ እርሳስ ይጋጫሉ። እንዳይንኳኩ በእጁ ጨብጧቸው ቁልቁለቱን ወረደ።